መስመር የማይሰረዝበት ስሌት

በማሻና በቴፒ አካባቢ ቡና ከተለቀመበት ዕለት አንሥቶ ለገበያ እስኪቀርብ ድረስ ሒሳብ አይለየውም፡፡ ይሁን እንጂ ይኸው ሒሳብ ክፍል ውስጥ ሲገባ ለብዙ ተማሪ ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ መስሎ ይታየዋል፡፡

በውጭ አገር መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ማባዣ»፣ በአንዳንዶቹም «የሩስያ ገበሬ ማባዣ» የሚባል ዘዴ አለ፡፡ ማጋመስና ማጠፍ ለሚችል ሁሉ በቂ ነው፡፡ እያንዳንዱ 60 ኪሎ የሚይዝ 13 ጆንያ ቡና አለ እንበል፡፡ 13 ሲጋመስ፣ ትርፉ እየተጣለ፣ 6፣ 3፣ 1 ይሆናል፤ በአንጻሩ 60 ሲታጠፍ 120፣ 240፣ 480 ይደርሳል፡፡ ተጋማሽ ቁጥር ያለበት መስመር ይሰረዛል፤ እዚህ ላይ የሚሰረዘው የ6 መስመር ነው፡፡ የቀሩት 60፣ 240 እና 480 ሲደመሩ 780 ኪሎ ይሆናሉ፡፡ ለተሰረዘው መስመር 0፣ ላልተሰረዘው 1 ተጽፎ ከታች ወደ ላይ ሲነበብ 1101 ይገኛል፡፡ ይህም 13 በሁለትዮሽ አጻጻፍ ነው፤ ላይብኒትዝ እ.ኤ.አ. በ1703 ያሳተመው፣ ዛሬ ኮምፒዩተር የሚሠራበት አጻጻፍ፡፡

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ከ13 ብዜቶች መካከል አንድም መስመር የማያሰርዘው፣ ማለትም በ1 ብቻ የሚጻፈው ትንሹ የትኛው ነው? መልሱ 4095 ነው፤ 13 በ315 ተባዝቶ የሚገኝ፣ በአሥራ ሁለት 1 የሚጻፍ ቁጥር፡፡ ለ3 ራሱ 3፣ ለ5 15፣ ለ7 ራሱ 7፣ ለ9 63፣ ለ11 1023 ነው፡፡ ተጋማሽ ቁጥር ግን ብዜቱ ሁሉ በ0 ስለሚያልቅ ይህ ዕድል የለውም፡፡

ለኢተጋማሽ ቁጥር ሁሉ መልስ መኖሩ በምን ይታወቃል? በሁለትዮሽ 1፣ 11፣ 111 እየተባለ አሥራ አራት ቁጥሮች ተጽፈው እያንዳንዳቸው ለ13 ይካፈሉ፡፡ ሊገኙ የሚችሉት ቀሪዎች ከ0 እስከ 12፣ አሥራ ሦስት ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ ሁለቱ ቁጥሮች የግድ አንድ ዓይነት ቀሪ ይኖራቸዋል፡፡ ትንሹ ከትልቁ ሲቀነስ የሚተርፈው የ13 ብዜት፣ የ1 ረድፍ ዜሮዎች ያስከተለ ነው፡፡ ዜሮዎቹ የ2 ብዜትነት ምልክቶች ናቸው፤ 13 ከ2 ጋር የጋራ አካፋይ ስለሌለው ዜሮዎቹ ቢወገዱም ብዜትነቱ አይፈርስም፡፡ ለማንኛውም ኢተጋማሽ ቁጥር ማስረጃው ይኸው ነው፡፡

የአገር ስም በመጽሐፍ ላይ መስፈሩ የሚያስደስት ቢሆንም ባለቤትነትን አያረጋግጥም፡፡ በማጠፍ ማባዛትን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ ግብፃዊው ጸሐፊ አሕሞስ በፓፒረስ ላይ ጽፎት ይገኛል፡፡ ዕውቀት በስም አይወረስም፤ ወራሹ ምክንያቱን የመረመረ ነው፡፡ አሥራ ሦስት የቡና ፍሬ በመደዳ ዘርግቶ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ የማሻ ተማሪ ይህን ሒሳብ የራሱ ለማድረግ የማንንም ፈቃድ አይሻም፡፡