ከምአ፦ ስሙን ያስተማርነው፣ መልኩን ያላየነው



ነገሩ የተጀመረው በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ነው። በምናስተምርበት መድረሳ ስለ ሕክምና የተላለፉ ሐዲሦችን ለልጆች ስናስተምር «ከምአ» የሚለውን የዐረብኛ ቃል «እንጉዳይ» ብለን ተረጎምንላቸው። ቃሉ ሰዒድ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ.) አስተላልፈውት ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ ውስጥ ይገኛል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከምአን ከመን ጋር አያይዘው፣ ውሃው ለዓይን ፈውስ እንደሆነ የተናገሩበት ሐዲሥ ነው። እኛም በደረሳነታችን እንዲሁ ተብለን ስለተማርን «ምን ዓይነት እንጉዳይ ነው?» ብለን ጠይቀን አናውቅም ነበር።

ከሦስት ቀን በኋላ አንዲት ተማሪያችን በፌስታል ሙሉ የጅብ ጥላ ለቅማ መጣች። «ኡስታዝ፣ አያቴ ዓይናቸውን ታመዋል። ውሃውን ጨምቄ ላድርግላቸው?» አለችን። ደነገጥን። በክረምት ከየጓሮው ከሚበቅለው የጅብ ጥላ መካከል ሰው የሚገድል መርዝ ያለው እንዳለ፣ አንዳንዱም መርዙ በመቀቀል እንኳ እንደማይጠፋ በሳይንስ ትምህርት የምናስተምረው እኛው ነን። ልጅቱ ሳትጠይቀን ብታደርገው ኖሮ ጥፋቱ የማን ይሆን ነበር? ፌስታሉን ተቀብለን አስወገድነው፤ አያቷንም ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዷቸው ለአባቷ ነገርናቸው። «ታዲያ ከምአ ምንድን ነው?» ስትለን ግን መልስ አልነበረንም።

አላህ ፈቅዶ በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር ታናሽ ወንድማችንን ለመጠየቅ ወደ ኩዌት ሄድን። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ዐረቦች ለድንች ሲከራከሩ ላሳይህ» ብሎ እየሳቀ ገበያ ወሰደን። በየሣጥኑ የተደረደረው ነገር አሸዋ የለበሰ ድንች ይመስላል። ሻጩ ሽማግሌ «ይህ ፈግዕ ነው፤ በኪታብ ከምአ የምትሉት» ሲሉን ባለንበት ቀጥ ብለን ቆምን። ለዓመታት ስሙን ስናስተምር የኖርነውን ነገር ገና ያን ዕለት በእጃችን ያዝነው።

መልኩን እንግለጽላችሁ። ከምአ እንደ እንጉዳይ እግር የለውም፤ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ራስም፣ ከራሱ ሥር የሚታዩ ስስ ንጣፎችም የሉትም። ድብልብል ያለ፣ አንዳንዴ ጎርበጥ ያለ ሥጋ ብቻ ነው። ትንሹ ከለውዝ ብዙም አይበልጥም፤ ትልቁ የሰው ጭብጥ ያህላል። ሻጩ ሁለት ዓይነት አሳዩን። «ዙበይዲ» የሚባለው ነጣ ያለና ልስልስ ቆዳ ያለው ሲሆን ዋጋውም ከፍ ይላል። «ኸላሲ» የሚባለው ደግሞ ወደ ቀይ ዳማ የሚያደላ፣ ሲቆረጥም ውስጡ እንደ እብነ በረድ የተዥጎረጎረ ነው። ሽታው ዝናብ የመታው አፈር ያስታውሳል። ዘሩ ከላይ አይታይም፤ በሥጋው ውስጥ ተሸሽጎ ይኖርና እንስሳት ሲበሉት ወይም ሲበሰብስ ይሰራጫል። ከምአም እንጉዳይም በሳይንስ ፈንገስ ይባላሉ፤ በመልክና በአኗኗር ግን እጅግ የተራራቁ ናቸው።

በማግስቱ ጁሙዓ ከሰገድን በኋላ የወንድማችን አሠሪ በስተምዕራብ ወደ ሳልሚ በሚወስደው መንገድ ይዘውን ወጡ። ዙሪያው ጠፍጣፋ በረሃ ነው። ከመሬት ብዙም ከፍ የማይል፣ «ሩቅሩቅ» የሚሉትን ቁጥቋጦ አሳዩንና «ከዚህ አትራቁ» አሉን። ከምአው በዚህ ተክል ሥር ላይ ተጣብቆ ይኖራል፤ ተክሉ ስኳር ይመግበዋል፣ እሱም ከአፈሩ ውሃና ማዕድን ያቀብለዋል። ሁለቱ ካልተረዳዱ በዚያ ደረቅ ምድር መኖር ይከብዳቸዋል። ፍሬው የሚገኘውም «ወስም» የሚባለው የጥቅምትና የኅዳር ዝናብ በጊዜው ሲጥል ነው፤ ዝናቡ ከቀረ በዚያ ዓመት ፈላጊው ባዶ እጁን ይመለሳል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሽማግሌው ጎንበስ አሉ። በጠፍጣፋው መሬት ላይ ትንሽ እብጠት አለች፤ ጫፏ ተሰንጥቋል፤ ሰያፍ በሆነው ብርሃን ጥላዋ ጎልቶ ታየ። በጣታቸው ጥቂት ቢጭሩ አንድ ከምአ ወጣ። ያንን መሬት ያረሰው፣ ዘር የበተነበት፣ ውሃ ያጠጣው ሰው የለም። ዑለማዎች ከመን ጋር የተያያዘው ያለ ሰው ድካም ስለሚገኝ ነው ማለታቸው ያን ጊዜ በደንብ ገባን። ሱብሓነላህ!

ስለ ውሃው አጠቃቀም ጥንትም ዑለማዎች አስተያየታቸው ይለያይ ነበር። ከፊሎቹ ከዓይን መድኃኒት ጋር ይቀላቀላል ብለዋል፤ ከፊሎቹ ደግሞ ከተጠበሰ በኋላ ይጨመቃል ብለዋል። እነሱ እውነተኛውን ከምአ እያወቁ ይህን ያህል ከተጠነቀቁ፣ መልኩን እንኳ ያላየን እኛ «እንጉዳይ» ብለን በችኮላ ማለፋችን አሳፈረን። ስሕተቱ የሐዲሡ ሳይሆን የእኛ የአስተማሪዎቹ ነው።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ በፀሐይ ያደረቅናቸውን ጥቂት ቁራጮችና ፎቶግራፎች ይዘን ወደ ክፍል ገባን። በሰሌዳው ላይ በአንድ በኩል የጅብ ጥላ፣ በሌላው በኩል ከምአ ሣልንና «ባለፈው ተሳስተን ነበር» አልናቸው። ልጆቹ ዝም አሉ። ያቺ ተማሪያችን ቁራጩን ተቀብላ አሸተተችና «ኡስታዝ፣ ይህስ በእኛ አገር ቢበቅል ኖሮ ድንች ነው ብለን እንቀቅለው ነበር» ስትል ክፍሉ በሳቅ ሞላ። አያቷ በሐኪም ታክመው ተሽሏቸዋል፤ አል-ሐምዱ ሊላህ።

ውድ ወላጆች! ልጆቻችሁ በክረምት ከሜዳ የለቀሙትን የማታውቁትን እንጉዳይ እንዳይበሉ፣ ማንኛውንም የዕፅ ጭማቂም ያለ ሐኪም ምክር ዓይን ውስጥ እንዳይጨምሩ ንገሯቸው። እኛ አስተማሪዎችም የማናውቀውን ስንጠየቅ «አላውቅም» ለማለት አንፈር።

ወላሁ አዕለም።