ከይጁቤ እስከ ዘንገና፦ ከልጆች ጋር ወደ ሐይቅ ለሚወጡ እናቶች

ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ ምድሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚያዘቀዝቅበት አቅጣጫ፣ የባሶ ሊበን ወረዳ ዋና ከተማ ይጁቤ ትገኛለች። ይጁቤ የጤፍና የስንዴ አገር ናት እንጂ የሐይቅ አገር አይደለችም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት «ልጆቹን ይዤ ወዴት ልውጣ?» ብላ ብትጠይቅ፣ መልሱ ከዘመድ ቤት አያልፍም። ልጆቹም ከባጃጅና ከጋሪ ጋር እየተጋፉ መንገድ ላይ ኳስ ይጫወታሉ። ይህ የይጁቤ ብቻ ሳይሆን የብዙዎቹ የደጋ ከተሞቻችን ችግር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ከ5 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን እንዲያንቀሳቅሱ ይመክራል። የት ይንቀሳቀሱ የሚለውን ግን ለከተማው ማዘጋጃ ቤትና ለእናት ትቶታል።

ታዲያ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ቢሆን፣ የዕረፍት ቀን ላገኘች ሠራተኛ እናት ከይጁቤና ከደብረ ማርቆስ የማይርቅ ሐይቅ አለ። ስሙ ዘንገና ይባላል። የሚገኘው በአዊ ምድር፣ በእንጅባራ ከተማ አጠገብ ነው። ከደብረ ማርቆስ እስከ እንጅባራ ወደ 150 ኪሎ ሜትር ስለሚሆን ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ለሕፃናት ይከብዳል፤ አንድ ሌሊት እንጅባራ ማደር ይሻላል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ ግጭት ከተነሣ ወዲህ ግን፣ ከመነሣት በፊት ስለ መንገዱ ሰላም ከሾፌሮችና በዚያው ካሉ ዘመዶች መጠየቅ ግድ ነው። መንገዱ አስጊ ከሆነ ጉዞው ለሌላ ጊዜ ይቆይ፤ ሐይቁ የትም አይሄድም።

ከደብረ ማርቆስ የተነሣ መኪና አማኑኤልን፣ ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን አልፎ ትሊሊን ሲተው አየሩ ይለወጣል። ብርዱ ይሰማል፤ በመንገዱ ግራና ቀኝም ቀጠን ቀጠን ያሉ ዛፎች በብዛት ይታያሉ። ይህ ዛፍ ዲከረንስ የሚባለው የግራር ዘር ነው። በተለይ በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው እንደ እህል ዘርቶ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቆርጦ ከሰል ያከስለዋል። አዲስ አበባ ያሉ አንባቢዎቻችን ቡና ከሚያፈሉበት ከሰል አንዱ ክፍል ከዚህ የመጣ ነው። በቅርብ ዓመታት የዛፍ በሽታ ገብቶበት ገበሬውን እንደጎዳው ይታወቃል።

እንጅባራ ሊደርሱ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ሲቀሩ፣ ከአስፋልቱ ብዙ ሳይርቅ፣ ዘንገና በደን ተከቦ ተኝቷል። ውሃው ክብ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ጦጣዎች ከዛፍ ዛፍ ይዘላሉ፤ ልጅ እጅ ላይ ያለ ዳቦም ከእነርሱ አያመልጥም። ጸጥታው ለከተማ ጆሮ እንግዳ ነው።

አሁን ግን፣ እናቶች ሆይ፣ ልብ ይበሉ። ይህ ትንሽ የሚመስል ሐይቅ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠረ ሲሆን ጥልቀቱ 166 ሜትር ነው። በአገራችን ከሻላ ቀጥሎ ሁለተኛው ጥልቅ ሐይቅ እንደሆነ ይነገርለታል። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሸፍኖ ሳለ ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አይበልጥም። አዲስ አበባ ያለው የአፍሪካ ኅብረት ረጅም ሕንፃ 100 ሜትር ያህል ይሆናል፤ ዘንገና ውስጥ ቢሰጥም ከአናቱ በላይ 60 ሜትር የሚበልጥ ውሃ ይተርፋል። እንዲህ ያለ ሐይቅ ዳርቻው በቀስታ አይገባም፤ እንደ ገደል ነው። ስለዚህ ልጅን «እስከ ጉልበትህ ብቻ ግባ» ብሎ ማስጠንቀቅ በዘንገና አይሠራም። ጭራሹኑ አይግባ።

በዓለም ዙሪያ በ2021 እ.ኤ.አ. 300,000 ያህል ሰዎች ውሃ ውስጥ ሰጥመው እንደሞቱ፣ ከእነዚህም አንድ አራተኛ የሚጠጉት ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት እንደሆኑ የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። የሚሰጥም ልጅ በፊልም እንደምናየው እጁን እያወዛወዘ አይጮኽም፤ አፉ ውሃ ውስጥ ስለሆነ ድምፅ የለውም። ስድስት ትልልቅ ሰዎች በተቀመጡበት ሥፍራ ደግሞ ሁሉም «ሌላው ያየዋል» ብሎ ይዘናጋል። ስለዚህ ተራ ይመደብ፤ ተረኛው ለግማሽ ሰዓት ስልኩንም ወሬውንም ትቶ ልጆቹን ብቻ ይይ። ክዳኑ የጠበቀ ባዶ ጀሪካን ረጅም ገመድ ታስሮበት አጠገብ ይቀመጥ። ሰው ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ጀሪካኑን ወርውሮ መሳብ እንጂ ዋና ሳይችሉ ተከትሎ መግባት ሁለት ሬሳ ማትረፍ ነው።

ሌላው ነገር የእናቲቱ ዕረፍት ነው። በሐይቅ ዳር ከማያቸው ነገሮች ሁሉ የሚገርመኝ አቀማመጡ ነው። ወንዶቹ ፊታቸውን ወደ ውሃው አድርገው ይጨዋወታሉ፤ ሴቶቹ ጀርባቸውን ለሐይቁ ሰጥተው ሽንኩርት ይከትፋሉ። ይህ መዝናናት ሳይሆን ማድ ቤቱን 150 ኪሎ ሜትር ማጓጓዝ ነው። እሳት የማይፈልግ ስንቅ ይበቃል፦ ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ በሶ፣ ጾም ካልሆነም የተቀቀለ እንቁላል። አዊ የድንች አገር ስለሆነች ቅቅል ድንች ቢጨመር ደግ ነው። ቡናው በፔርሙዝ ይያዝ። «ያለ ጀበና አይሆንልኝም» የሚል አባወራ ካለ እንጅባራ ሲደርሱ ራሱ ያፍላ! ደኑ ሥር ከሰል ማቀጣጠል ግን ለማንም አይፈቀድ፤ በበጋ አንድ ፍንጣሪ የሚያደርሰው ጉዳት ብዙ ነው።

እናት ልጇን ይዛ ለመውጣት የሚያስቸግራት አብዛኛውን ጊዜ የገንዘብ እጥረት ብቻ አይደለም፤ የመጸዳጃ ቤት ጉዳይ ነው። ሴት ልጅ ያለቻት ይህን ታውቃለች። አዲስ አበባ በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦን ፓርክ ከፍታለች፤ መልካም ነው። ለይጁቤና ለመሰሎቿ ግን እንደዚያ ያለ ትልቅ ሥራ አያስፈልጋቸውም። ባጃጅ የማይገባበት የታጠረ ሜዳ፣ ጥቂት የአገር ዛፎች፣ የሚጠጣ ውሃ፣ የሴትና የወንድ መጸዳጃ፣ አንድም ጥበቃ ይበቃል። ለዚህ የሚሆን መሬት መከለል የሚቻለው ከተማው ትንሽ ሳለ ነው፤ ቤት ከተሠራበት በኋላ ማን ያፈርሳል?

ሐይቁን አይተው እንጅባራ ሲገቡ ጋቢ ወይም ሹራብ አይርሱ፤ ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ማታ ይበርዳል። ጊዜው ቢገጥም ጥር 23 ቀን መሄድ ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ በዚያ ቀን በዓሉን ስለሚያከብር፣ የተሸለሙ ፈረሶች ሲጋልቡ ያየ ልጅ ወሬው ለወራት አያልቅም። በእንዲህ ያለ ቀን ማደሪያ ስለሚጠብ አስቀድሞ መያዝ ያሻል። ከተማው የቀርከሃ ሥራም አገር ነው። የልጅ በርጩማ ከገዙ እግሩን መሬት ላይ ጫን ብለው ይሞክሩት፤ የሚንገዳገድ ከሆነ ሌላ ያስወርዱ። ቀርከሃ ቀላል ስለሆነ አውቶቡስ ጣራ ላይ በገመድ በደንብ ካልታሰረ ቡሬ ሳይደርስ ይወድቃል።