ቤት በዋልካ ላይ

ስለ ሕንፃ ጥበብ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚወሳው ዐይን የሚሞላው ነው። የግንቡ ከፍታ፣ የቅስቱ ስፋት፣ የመስተዋቱ ብርሃን ይወደሳል። መሠረት ግን አፈር ከለበሰበት ቀን ጀምሮ ተመልካች የለውም፤ ምረቃ አይደረግለትም፤ ሥዕሉም በመጽሔት ሽፋን ላይ አይወጣም። ይሁንና በምዕራብ ሸዋ አውራ መንገድ ከሆለታ ወደ አምቦ የሚጓዝ ሰው በየከተማው የቆሙትን ቤቶች ረጋ ብሎ ቢመለከት፣ የሕንፃን ዕድሜ የሚወስነው ይኸው የማይታየው ክፍል መሆኑን ለመረዳት ብዙ ጊዜ አይወስድበትም።

ይህ መንገድ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ በኩል የሚያቋርጠው ሜዳ የጤፍ፣ የሽምብራና የጓያ አገር ነው። በሜዳው ላይ የተነጠፈውን ጥቁር አፈር አማርኛ ተናጋሪው ዋልካ ወይም መረሬ፣ ኦሮምኛ ተናጋሪው ኮትቻ ይለዋል። በመላ ኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት በዚህ ዐይነት አፈር የተሸፈነ ነው። የሥነ አፈር ሊቃውንት ቬርቲሶል ሲሉት፣ መሐንዲሶች ደግሞ ጥጥ ከሚበቅልበት የሕንድ ጥቁር ምድር በተወሰደ ስም «ጥቁር የጥጥ አፈር» ይሉታል። ስሙ ይለያይ እንጂ ጠባዩ አንድ ነው። አፈሩን የሠሩት የሸክላ ቅንጣቶች እጅግ በሳሱና በተደራረቡ ንጣፎች የተዋቀሩ ናቸው። ክረምት ሲገባ ውሃ በንጣፎቹ መካከል ሰርጎ እያራራቀ ያሳብጣቸዋል፤ በጋ ሲሆን ውሃው ተንኖ ይኮማተራሉ። በሐምሌና በነሐሴ የመንገደኛውን ጫማ ነክሶ የሚያስቀር ጭቃ፣ የካቲት ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ ስንጥቁም አንዳንድ ጊዜ ከአንድ ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል። ምድሩ በየዓመቱ ይተነፍሳል ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ቤት የሚሠራው እንግዲህ በዚህ በሚተነፍስ ምድር ላይ ነው። ቤቱ ካረፈበት በኋላ ከሥሩ ያለው የመሐሉ አፈር ከዝናብም ከፀሐይም ስለሚከለል እርጥበቱ ብዙ አይለዋወጥም። በዳር በዳሩ ያለው ግን በክረምት ይጠግባል፤ በበጋ ይጠማል። ስለዚህ ማዕዘኖቹ ሲነሡና ሲወርዱ መሐሉ ባለበት ይቆያል። ግድግዳው ይህን ጉተታ መቋቋም ሲያቅተው ከደካማው ቦታ ይሰነጠቃል፤ ከመስኮትና ከበር ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ጣሪያ የሚወጣው ስንጥቅ የሚወለደው እንዲህ ነው። በነሐሴ አልዘጋ ያለ በር በጥር ሲላላ የቤቱ ባለቤት አናጢውን ያማል። አናጢው ግን ጥፋት የለበትም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ይህ አፈር ጉልበቱን የሚያሳየው በቀላሉ ቤት ላይ ነው። ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ በክብደቱ የአፈሩን ግፊት ሊጫነው ይችላል፤ ወጪው ብዙ ስለሆነም አፈሩ ይመረመርለታል፤ ስሌት ይሰላለታል። ፎቅ የሌለው ትንሽ ቤት ግን ክብደቱ አነስተኛ በመሆኑ ምድሩ ሲያብጥ እንደ ባዶ ቅርጫት ያነሣዋል፤ ምርመራውም ስሌቱም ብዙ ጊዜ ለእርሱ አይደርሰውም። የመምህሩ ቤት፣ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ቤት፣ የገጠር ጤና ጣቢያ፣ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት የሚመደቡት ከዚህ ወገን ነው። የምሕንድስና እውቀት አብዝቶ የሚያስፈልገው ለትንሹ ቤት ሆኖ ሳለ እውቀቱ የሚሄደው ወደ ትልቁ ነው።

የድሮው ሰው ለዚህ ችግር የራሱ መልስ ነበረው። በጭቃ ቤት እያንዳንዱ ቋሚ በየጉድጓዱ ይተከላል፤ ማገሩ በልጥ ይታሰራል፤ ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ የሰነበተ ጭቃ ይመረግበታል። ምድሩ ሲነሣ አንዱ ቋሚ ከጓደኛው ተለይቶ ጥቂት ይነሣል፤ እስራቱ ይለጠጣል፤ ጭድ የያዘው ጭቃ ጥቃቅን ስንጥቅ ያወጣል፤ ክረምቱ አልፎ መስቀል ሲቃረብ የቤቱ እመቤት መልሳ ትመርገዋለች። ቤቱ ምድሩን አይታገለውም፤ አብሮት ይንቀሳቀሳል። በአማርኛ የአንድ ጉዳይ ጽናት የተመሠረተበት ሰው «ዋልታና ማገር» መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። እርግጥ ነው፣ የጭቃ ቤትም ጉድለት አለው። ቋሚው ይበሰብሳል፤ ምስጥ ይበላዋል፤ ድካሙም በየዓመቱ ይደጋገማል። ሰው ብሎኬትና ቆርቆሮ ቢመኝ የሚወቀስበት ምክንያት የለም።

ችግሩ የሚመጣው ብሎኬቱ ሲገባ የጭቃው ቤት ብልሃት ተረስቶ ሲቀር ነው። ብሎኬትና ሲሚንቶ ግትር ናቸው፤ ሲጫኗቸው ይችላሉ፣ ሲጎትቷቸው ይሰበራሉ። ጉተታን የሚችለው ብረት ነው። አርማታ ማለት የሁለቱ ጋብቻ ነው፤ ሲሚንቶው ጫናውን ይሸከማል፣ ፌሮው ጉተታውን ይይዛል። ስለሆነም በዋልካ ላይ ለሚቆም የብሎኬት ቤት የታወቁ መላዎች አሉ። ጥቁሩ አፈር ጥልቀቱ መጠነኛ ከሆነ እስከ ጽኑው ንጣፍ ድረስ ተቆፍሮ ይወጣና በምትኩ የማያብጥ ገረጋንቲ በየደረጃው እየተጠቀጠቀ ይሞላል። ጥልቀቱ የበዛ እንደሆነ ዓምዶቹ የሚያብጠውን ንጣፍ አልፈው ከጽኑው ላይ እንዲያርፉ ይደረጋል፤ ከታችም በአርማታ መቀነት ይተሳሰራሉ፤ በመቀነቱና በአፈሩ መካከል አፈሩ ሲያብጥ የሚነሣበት ክፍት ቦታ ይተዋል። የጣሪያው ውሃ በአሸንዳ ተቀብሎ ከቤቱ ርቆ ይፈስሳል። ከእነዚህ ውስጥ የመጨረሻው ከቦይ በስተቀር ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

የሥራው ቋንቋ ራሱ አንድ ነገር ይመሰክራል። አርማታ፣ ሶሌታ፣ ፌሮ የሚሉት የግንበኛ ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ዋልካ፣ መረሬ፣ ቦረቦር፣ ኮትቻ ግን የአገሩ ናቸው። ከመሬት በላይ ላለው ክፍል ስም ከውጭ ስንዋስ፣ ከመሬት በታች ላለው ቀድሞውንም ስም ነበረን። ስም ያለው ነገር ደግሞ የሚያውቀው ሰው አለው። የጊንጪ ገበሬ ዋልካን በውሃው ያውቀዋል። ማሳው ላይ ውሃ እንዳይተኛ ቦይ ያወጣል፤ ሽምብራውንና ጓያውን ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ዘርቶ አፈሩ ባቆረው እርጥበት ያበቅላል። በጊንጪ በዚህ አፈር ላይ የተካሄደው የግብርና ምርምርም ካተኮረባቸው ነገሮች አንዱ ሰፊ መደብና ቦይ አበጅቶ ውሃን ማጠንፈፍ ነበር። ቤት ለመሥራት ቦታ የሚቀይስ ባለሙያ አስቀድሞ ወደ ገበሬው ሄዶ «በነሐሴ ውሃው የሚተኛው የት ላይ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ብዙ ስንጥቅ ገና ከመወለዱ ይቀር ነበር።

በዚሁ መንገድ ላይ የምትገኘው አዲስ ዓለም ሌላ ትምህርት አላት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ አዲስ መናገሻ ትሆን ዘንድ ቤተ መንግሥት ያስጀመሩባት፣ አዲስ አበባ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ስላጠራት ነበር። ከተማም እንደ ቤት የማይታይ መሠረት አላት ማለት ነው፤ ያ መሠረት በዚያ ዘመን እንጨት ነበር። ባሕር ዛፍ ተተክሎ ሲጸድቅ አዲስ አበባ ከመለቀቅ ዳነች፤ የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥትም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ባሕር ዛፍ ከዚያ ወዲህ የግንበኛው መወጣጫ፣ የሶሌታው ድጋፍ ሆኖ አገር ሲያስገነባ ኖሯል። ነገር ግን ይኸው ባለውለታ ዛፍ በዋልካ ላይ ከቤት ግድግዳ አጠገብ ሲተከል በሥሩ አፈሩን መጥጦ ያደርቀዋል፤ የደረቀውም አፈር ሲኮማተር ያን የግድግዳ ወገን ይዞት ይወርዳል። አገር ያዳነ ዛፍ ያለ ቦታው ሲቆም ቤት ያፈርሳል።

ድልድይም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። አምቦን የሚያቋርጠው ሁሉቃም ሆነ ከእርሱ በስተ ምዕራብ ያለው ጉደር በበጋ ሲታዩ ትሑታን ናቸው። ክረምት ላይ ግን ጎርፉ ከድልድዩ እግር ሥር እየተሽከረከረ አሸዋውንና ጠጠሩን ያጥባል። ተመልካች የሚያየው ከላይ የሚያልፈውን መኪና ክብደት ነው፤ በዓለም ዙሪያ ድልድዮችን ከሚጥሉ ምክንያቶች በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀሰው ግን ይህ የእግር ሥር መታጠብ ነው። ወደ ነቀምትና ወደ አሶሳ የሚያልፈው መንገድ በእነዚህ እግሮች ላይ የተንጠለጠለ እንደ መሆኑ፣ ከክረምት በኋላ ወርዶ የድልድዩን እግር የሚመረምር ሰው የአንድን ምዕራብ አገር ንግድና ሕክምና የሚጠብቅ ዘበኛ ነው።

የጉደር ውሃ መጨረሻው ዐባይ ነው፤ በዐባይም ላይ ይኸው ትምህርት በትልቁ ተጽፏል። በ17ኛው ምእት ዓመት በድንጋይና በኖራ የተገነባው፣ ሞጣ አቅራቢያ የሚገኘው ድልድይ በጣሊያን ወረራ ዘመን ጠላት እንዳይሻገርበት ቅስቱ ተሰብሮ «ሰባራ ድልድይ» ተባለ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ለብዙ ዓመታት በክፍተቱ ላይ በገመድ እየተሳሳበ ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ2002 ተጠገነ፤ በ2005 ግን ጎርፍ ወሰደው፤ በ2009 ከጎርፉ ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ ድልድይ ተሠራ። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 የተመረቀው 303 ሜትር ርዝመት ያለው የሕዳሴ ድልድይ ያለ እንከን ሲያገለግል፣ ወደ እርሱ የሚያወርደው መንገድ ተዳፋቱ እየተንሸራተተ ሲሰነጠቅ ኖሯል። የሰው እጅ ሥራ ጸና፤ የተሠራበት ገደል ግን ተንቀሳቀሰ።

ይህ የእኛ አገር ዕጣ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1173 የተጀመረው የጣሊያኑ የፒዛ ማማ ያዘነበለው በአንድ ወገን ያለው ለስላሳ አፈር ስላልቻለው ነው። ሊወድቅ ሲያሠጋ እ.ኤ.አ. በ1990 ተዘጋ። ሊቃውንቱ በመጨረሻ ያዳኑት ግንቡን ጎትተው ሳይሆን፣ ካላዘነበለበት ወገን ሥር ጥቂት በጥቂት አፈር እያወጡ ነው። በ2001 እንደገና ለጎብኚዎች ተከፈተ። መድኃኒቱም ከበሽታው ቦታ ተገኘ።

ይህ ጉዳይ ለኪነ ጥበብ ሰው ምኑ ነው የሚል ቢኖር፣ አርቱሮ ሜዜዲሚ ነድፎት እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቀውን የአፍሪካ አዳራሽ ያስታውስ። የአፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር ባለ ቀለም የመስተዋት ሥራ ያለው በዚያ ነው። ሸራ ቢጎተት ይለጠጣል፤ መስተዋት ግን ይቅርታ አያውቅም። ያን ብርሃን የያዘው የሕንፃው አጥንት፣ አጥንቱን የያዘው ደግሞ ማንም የማያየው መሠረት ነው። የሠዓሊው ስም በመስተዋቱ አጠገብ ሲጠራ፣ ጉድጓዱን የቆፈረና አፈሩን የመረመረ ሰው ስም አብሮ አይጠራም። ቢሆንም ሥዕሉ በእርሱ ላይ ቆሟል።

ወደ ምዕራብ ሸዋ ትንንሽ ቤቶች ስንመለስ፣ የጎደለው እውቀት እንዳልሆነ ግልጽ ነው። እውቀቱ በገበሬው፣ በግንበኛውና በመሐንዲሱ ዘንድ ተከፋፍሎ ይገኛል። የጎደለው ትዕግሥት ነው። በጀቱ ከሰኔ በፊት እንዲያልቅ፣ ምረቃው ከበዓሉ ጋር እንዲገጥም ሲባል የመሠረት ጉድጓድ ሳይመረመር ይሞላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በመሠረቱ ላይ የተቆጠበው ጊዜና ገንዘብ በስንጥቅ ጥገና ተመልሶ ይወጣል፤ ልጆችም ሰያፍ ስንጥቅ ካለበት ግድግዳ ሥር ተቀምጠው ፊደል ይቆጥራሉ። ስለዚህ ትምህርት ቤት የሚያሠራ ኃላፊ፣ በዚያም የሚያስተምር መምህር፣ ሪባን ከሚቆረጥበት ቀን ብዙ አስቀድሞ አንድ ቀን ሊመርጥ ይገባዋል። ያም ቀን ጉድጓዱ ተቆፍሮ ገና ያልተሞላበት ቀን ነው። ገብቶ ይመልከት፤ ጥቁሩ አፈር መውጣቱን፣ ጽኑው ንጣፍ መገኘቱን በዐይኑ ያረጋግጥ። ከዚያ ቀን በኋላ ማየት ለሚፈልግም የሚታይ ነገር አይኖርም።