የቫዮሊን ፈቃድ

የእኅቴ ልጅ ገና ዐሥር ዓመት ሳይሞላት፥ በዓለም ጤና ገበያ ዳር ቆሞ ከነበረ የጋሪ ፈረስ ጅራት ጠጕር ነቅላ ስትሸሽ ባለጋሪው ይዞ ወደ እኔ አመጣት። ጠጕሩ ለምን እንደ ሆነ ብጠይቃት፥ በባዶ የዘይት ቆርቆሮ ላይ እንጨት ሰክታ መሰንቆ ልትሠራበት መሆኑን ነገረችኝ። ባለጋሪውም ቍጣውን ትቶ ሣቀ፤ «ፈረሴስ እስከ ዛሬ ሽንኵርት መሳብ እንጂ ዘፈን አያውቅም ነበር» ብሎ ሄደ። እኔ ግን አልሣቅሁም። እናቷ ስታርፍ ልጅቱን ለእኔ አደራ ሰጥታኝ ነበርና፥ የሚያሳስበኝ እንጀራዋ ብቻ ነበር።

ቢሆንም ልቤ አልጨከነም፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቼ ከአዳማ ከአንድ ሰው እጅ አሮጌ ቫዮሊን ገዛሁላት። ቫዮሊንና መሰንቆ ሁለቱም በፈረስ ጭራ ቀስት የሚመቱ ናቸውና ዘመዳሞች ይመስላሉ። ነገር ግን የመሰንቆው ጅማት አንድ ሲሆን የቫዮሊኑ አራት ነው፤ በአንገቱም ላይ ጣት የት እንዲያርፍ የሚያሳይ ምልክት ስለሌለበት፥ ተማሪው ከጆሮው በቀር መሪ የለውም። በእኛ በስምጥ ሸለቆው ቆላ ደግሞ ሌላ ችግር አለ፤ በበጋ አየሩ ሲደርቅ እንጨቱ ይሟሽሽና የጅማቱ መወጠሪያዎች በራሳቸው ጊዜ ይላላሉ። ልጅቱ ሌሊቱን የላላውን ጅማት ጧት ጧት እያጠበቀች ወደ ትምህርት ቤት ትሄድ ነበር።

ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስትጨርስ፥ «ጋሼ፥ አዲስ አበባ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ልፈተን» አለችኝ።

እኔም ከለከልኋት። ምክንያት አላጣሁም፤ በዓለም ፊት ለብቻው ቆሞ ቫዮሊን የሚመታ ሰው ከሕፃንነቱ የጀመረ መሆኑን ነገርኋት። ያሻ ሃይፌትዝ የሚባለው በአውሮጳ አቆጣጠር በ1917 በኒው ዮርክ ካርኔጊ አዳራሽ ሲጫወት ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነበረና፥ እርሱንም ጠቀስሁላት። የተናገርሁት እውነት ስለ ነበረ መልስ አላገኘችለትም። ቫዮሊኑን በሣጥኑ ውስጥ አኑራ ከአልጋዋ በታች ገፋችው፤ ሦስት ሳምንትም በቤታችን ድምፁ አልተሰማም።

በዚያው ሰሞን የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን የሕይወት ታሪክ አነበብሁ። እኔ፥ እንደ ብዙ ሰው፥ እሳቸውን የማውቃቸው በፒያኖ ነበር። በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተወለዱት፥ የዓለም ስማቸው የውብዳር የነበረው እኒህ እመቤት፥ በስድስት ዓመታቸው ከእኅታቸው ከስንዱ ገብሩ ጋር ወደ ስዊስ አገር ተልከው በዚያ ቫዮሊን ተማሩ። በ1929 ዓ.ም. ኢጣልያ ከነቤተ ሰባቸው አግዞ በአሲናራ ደሴት አሰራቸው። ከነጻነት በኋላ ወደ ካይሮ ሄደው፥ አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከሚባል የፖላንድ ተወላጅ የቫዮሊን ሊቅ ዘንድ ተማሩ፤ በቀን አራት ሰዓት ቫዮሊን፥ አምስት ሰዓት ፒያኖ ያጠኑ ነበር። የካይሮ ሙቀት ጤናቸውን ቢጎዳው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ መምህራቸውም አብሮ መጥቶ የክብር ዘበኛ የሙዚቃ ጓድ መሪ ሆነ።

ከዚህ በኋላ ወደ ለንደን ሄደው ትምህርታቸውን እንዲቀጥሉ መንገድ ተከፍቶ ነበር፤ ነገር ግን ፈቃዱ ተከለከለ። ወጣቲቱም ከኀዘን የተነሣ ከቡና በቀር እህል ሳይቀምሱ ዐሥራ ሁለት ቀን ሰነበቱ። ኋላም ወደ ግሸን ማርያም ወጡ፤ በሃያ አንድ ዓመታቸውም መነኰሱ።

የቀረውን ዓለም ያውቀዋል፤ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1960ዎቹ በጀርመን አገር ሸክላ አሳትመው ገቢውን ለድኆች ልጆች ማድረጋቸውን፥ በ2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም በዘጠና ዘጠኝ ዓመታቸው ማረፋቸውን። ስለ ፒያኗቸው ብዙ ተጽፏል፤ ብዙዎችም ክልከላው መልካም ፍሬ እንዳፈራ አድርገው ይተርኩታል። ይህ አተራረክ እኔን አያረካኝም። በቀን አራት ሰዓት የተደከመበት ቫዮሊን ወዴት ሄደ? በምንኵስና የተገኘው ጸጋ ለከልካዩ ምስጋና ሊሆንለት ይገባልን?

ታሪኩን ሳነብ፥ እንደ ወትሮዬ ለተከለከለችው ልጅ ማዘን ሲገባኝ፥ ዐሳቤ ወደ ከለከለው ሰው ሄደ። እርሱም ምናልባት በቂ ምክንያት ነበረው፤ እንደ እኔ።

በነጋታው ልጅቱን ጠርቼ፥ «ሃይፌትዝን አትሆኚም፤ ይህን አሁንም እላለሁ» አልኋት። አቀርቅራ ዝም አለች። «ፈተናው መቼ ነው?» ስላት ግን ቀና ብላ አየችኝ፤ ሳትመልስልኝም ሮጣ ሄዳ ሣጥኑን ከአልጋው ሥር ጐተተችው። ጅማቶቹ አራቱም ላልተው ነበር።

በቀጠሮው ቀን በሞጆ በኩል ለመሄድ ማለዳ ከሚኒባስ ተሳፈርን። ረዳቱ ሣጥኑን ከቲማቲሙ ጋር ከላይ ልጫነው ብሎ እጁን ዘረጋ፤ ልጅቱ ሳትናገር እቅፍ አደረገችው። ሰው በዝቷል፥ ቦታ የለም ብሎ ተከራከረን። እኔም የሦስት ሰው ሒሳብ ከፈልሁና ሣጥኑን በመካከላችን አስቀምጠን ሄድን።