«ይበል» እና «ተቀበል»

ግጥም የሚጻፈው ለጻፈው ሰው ነው ወይስ ለሚሰማው? ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ እስካለፈው ዓመት የወላጆች በዓል ድረስ «ለጻፈው ነው» ብዬ በድፍረት እመልስ ነበር። ዛሬ ግን አሳቤን ለውጫለሁ። ምን እንደ ለወጠኝም ለጓደኞቼ፣ ለመምህራኖቼና ለወላጆች ባጭሩ ለመግለጽ እወዳለሁ።

በዚያ ዓመት የሥነ ጽሑፍና የድራማ ክበብ አባሎች የበዓሉን ዝግጅት ራሳችን እንድናሰናዳ ተፈቀደልን። መምህራን መከሩን እንጂ አላዘዙንም። አብዛኞቻችን ከገጠር መጥተን ነፋስ መውጫ ላይ ቤት ተከራይተን፣ ስንቅ እየተላከልን የምንማር ነን። ስለዚህ ከትምህርት በኋላ ለልምምድ መቅረት ማለት በጨለማ ገብቶ፣ እሳት አንድዶ፣ ራት ሠርቶ መብላት ማለት ነበር። ይሁን እንጂ ማንም አላጉረመረመም።

ከመካከላችን ከእስቴ በኩል የመጣ አንድ ተማሪ ማሲንቆ መምታት ያውቅ ኖሯል። ማወቁን ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ደብቆን ነበር። ምክንያቱን በጠየቅነው ጊዜ፣ «አዝማሪ ብላችሁ እንዳትሰድቡኝ ፈርቼ ነው» አለን። ሌሎቹ ሳቁ፤ እኔ ግን መሬት መሬት አየሁ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለን ያንኑ ቃል ለስድብ ስናገረው ሰምቶኝ ነበርና።

በዓሉ ደረሰ። ወላጆች ከላይም ከታችም ጋይንት፣ ከስማዳም ከእስቴም መጥተው ሜዳውን ሞሉት። አያቴም ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ከፊት ተቀመጡ። እኔ ስለ ጉና ተራራ የጻፍሁትን ግጥም ለማንበብ ተነሣሁ። ገና ሁለተኛውን አንጓ ስጀምር መብራት ጠፋና የድምፅ ማጉያው ዝም አለ። ከተማችንም በዚያን ቀን ስሟን ልታስመሰክር የተነሣች ይመስል ነፋሱ ቃሌን ካፌ እየነጠቀ ወሰደው። ከሦስተኛው ረድፍ በስተኋላ ያሉት ከንፈሬን እንጂ ቃሌን አልሰሙም። ስጨርስ ግን ሁሉም አጨበጨቡልኝ። ሳይሰሙኝ ማጨብጨባቸው ቢሰድቡኝ ከሚሰማኝ ይልቅ አሳዘነኝ።

ከእኔ ቀጥሎ ተራው የባለ ማሲንቆው ነበር። እርሱ መድረኩ ላይ አልቆመም። ማሲንቆውን ይዞ ወደ ተቀመጡት ሰዎች ወረደና በረድፎቹ መካከል እየተዘዋወረ ይመታ ጀመር። ጥቂት ቆይቶ አንድ የስማዳ ሽማግሌ ከተቀመጡበት «ተቀበል!» ብለው ግጥም ሰጡት። እርሱም ተቀብሎ በዜማ መለሰላቸው። ከዚያ በኋላ ሰጪው በዛ፤ እናቶች ሳይቀሩ ግጥም አቀበሉት። መብራት ይኑር አይኑር ያስታወሰ ሰው አልነበረም።

ማታ ወደ ተከራየሁበት ቤት አብረን ስንሄድ አያቴን፣ «አባባ፣ ግጥሜን እንዴት አገኙት?» አልኋቸው። አያቴ ድጓን ቤተ ልሔም የተማሩ፣ ቅኔም የተቀኙ ሰው ናቸው።

«ልጄ፣ ጭብጨባው አያታልልህ» አሉኝ። «አንዱ ስንኝህ ሁለት ቀለም ይጎድለዋል። ደግሞም ጉናን ያየኸው ከሩቅ ነው። እረኛውን ምን ያህል እንደሚበርደው ግጥምህ ውስጥ የለም።»

«ስለ ባለ ማሲንቆውስ ምን ይላሉ?»

አያቴ ማሲንቆ የሚወዱ ሰው አይደሉምና ብዙ መንገድ ዝም ብለው ሄዱ። በኋላ ግን፣ «እርሱስ ሰሚውን ይሰማል» አሉ።

ይህ ቃል ከአእምሮዬ አልጠፋም። አገራችን ጋይንት በቤተ ልሔም የድጓ፣ በዙር አባ ደግሞ የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ያለባት ናት። በቅኔ ቤትም ተማሪው ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ቀጥሎም ለመምህሩ ይነግራል፤ የተሳሳተውም ይታረምለታል። በማኅሌት ላይ ቅኔው ያማረ እንደ ሆነ ሊቃውንቱ «ይበል!» ይላሉ። አዝማሪውንም ሰሚው «ተቀበል!» ይለዋል። እንግዲህ በሁለቱም ዘንድ ሰሚው ዝም ብሎ የሚቀመጥ አይደለም። ዝም የሚያሰኘው እኛ ተማሪዎች የሠራነው መድረክ ነው፤ ከጭብጨባ በቀር ለሰሚው ያስቀረንለት ነገር የለምና።

ወጣቶች ያዘጋጁት መድረክ ኃይል እንዳለው የታወቀ ነው። በ1953 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በተማሪዎች የኮሌጅ ቀን በዓል ላይ፣ ታምሩ ፈይሳ የተባለ ተማሪ «ደሃው ይናገራል» የተሰኘ ግጥሙን አንብቦ ነበር። ግጥሙ ዛሬም ድረስ ስሙ ይነሣል። በኛም ዘመን በራስ ሆቴል በየወሩ ይካሄድ በነበረው ጦቢያ ግጥም በጃዝ ገጣምያን በሙዚቃ ታጅበው ሥራቸውን ለሕዝብ አሰምተዋል። ነፋስ መውጫ ግን ከአዲስ አበባ ሩቅ ናት። ስለዚህ ባለን ነገር መጀመር ነበረብን።

በወሩ መጨረሻ ዓርብ ከትምህርት በኋላ በአንድ ክፍል ውስጥ መሰብሰብ ጀመርን። በአንድ ቀን ከሦስት ሰው በላይ አያነብም። ድምፅ ማጉያ የለም። ካነበበው ሰው ይልቅ ለሰሚዎቹ የሚሰጠው ጊዜ ይበልጣል። በመጀመሪያው ቀን እኔ ከማንበቤ በፊት ባለ ማሲንቆውን በሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። እርሱም፣ «ሰምቼሃለሁ፤ አሁን አንብብ» አለኝ። የጉናን ግጥም ሦስት ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ እረኛው ገብቶበታል፤ ሁለቱ ቀለማት ግን ገና አልሞሉልኝም።

ውድ ወላጆች ሆይ! በሚመጣው በዓል ስትመጡ እጃችሁን ብቻ ይዛችሁ አትምጡ። ያማረውን «ይበል!» በሉን፤ ቤት የማይመታውንም ንገሩን። ግጥም ያለው ሰው ካለ ደግሞ «ተቀበል!» ይበለን፤ እንቀበላለን።