የቆመ ቆጣሪ

ጎንደር ፒያሳ ዙሪያ፣ አራዳ ገበያ ዳር፣ ወደ አዘዞ በሚወርደው መንገድ ላይ የሚቆሙትን አሮጌ ሞተሮች ልብ ብላችሁ እዩአቸው። የብዙዎቹ የፍጥነትና የኪሎ ሜትር ጌጅ ሞቷል። ጠቋሚው ዜሮ ላይ ተኝቷል፣ ቁጥሮቹ ድሮ በቆሙበት ቀርተዋል፣ የአንዳንዱ መስታወት ተሰብሮ ፌስታል ታስሮበታል። ባለቤቱን ብትጠይቁት «ሞተሩ ይሄድ የለም እንዴ? ምን ያደርግልኛል?» ይላችኋል። እኔ ብዙ ያደርጋል ባይ ነኝ። በተለይ ወደ ዳባትና ደባርቅ ለሚወጣ ሰው፣ የቆመ የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ከተቃጠለ የፊት መብራት ባልተናነሰ ሊያሳስበው ይገባል።

የማወራው ሁላችንም ስለምናውቃቸው ሞተሮች ነው፤ ያማሃ ኤጂ 100፣ ያማሃ ዲቲ 125፣ ሆንዳ ኤክስኤል 125። በየወረዳው የግብርና ባለሙያውና የጤና ሱፐርቫይዘሩ የተመላለሱባቸው፣ ኋላም በጨረታ ወጥተው ግለሰብ እጅ የገቡ ብዙ ናቸው። እነዚህ ሞተሮች የነዳጅ ጌጅ የላቸውም። ያላቸው ታንኩ ሥር ያለችው የሪዘርቭ መክፈቻ ብቻ ናት። ታንኩን ሞልታችሁ ስትነሱ ቁጥሩን ታያላችሁ፤ ከዚያ ወዲያ ምን ያህል ነዳጅ እንደቀራችሁ የምታሰሉት ከሄዳችሁበት ኪሎ ሜትር ነው። ቆጣሪው ከቆመ የቀረው ታንኩን ነቅንቆ ድምፁን ማዳመጥ ነው።

ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እስከዚያ አምባ ጊዮርጊስና ዳባት ስላሉ ችግር ቢገጥምም ሰው ዘንድ ይደረሳል። ከደባርቅ ታጥፋችሁ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን እያቋረጣችሁ ወደ ጃናሞራ ስትሄዱ ግን ሳንቃበርንና ጨነቅን አልፋችሁ የቧሂትን ማለፊያ ትወጣላችሁ፤ ከባሕር ጠለል በላይ 4,200 ሜትር ገደማ። እዚያ አየሩ ከባሕር ጠለል አየር በሲሶ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡራተሩ ይህን አያውቅም፤ ለወፍራም አየር የተለካለትን ቤንዚን መስጠቱን ይቀጥላል። ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ በሊትር የሚኬደው ርቀት ያጥራል። ምን ያህል እንዳጠረ ቁጥር ሰጥቶ የሚነግራችሁ ያው ቆጣሪው ነው። እዚያ ብርድ ላይ ነዳጅ ያለቀበት የጤና ባለሙያ፣ በአይስ ቦክስ የያዘው ክትባት እየሞቀበት መኪና ሲጠብቅ ይታያችሁ።

አሁን ወደ ጌጁ ውስጥ እንግባ፤ እኔ የምወደው ክፍል ይህ ነው። ጀርመናዊው ኦቶ ሹልትዜ በ1902 እ.ኤ.አ. በስሙ ያስመዘገበው ሐሳብ ዛሬም በእነዚህ ሞተሮች መሪ ላይ አለ። ከፊት ጎማው መሃል አንድ ኬብል ይነሳል፣ በውስጡ የተጠመዘዘ ሽቦ ይሽከረከራል። ሽቦው ጌጁ ውስጥ ሲደርስ ማግኔት ያሽከረክራል። ማግኔቱ ዙሪያ የአሉሚኒየም ሲኒ አለ፤ ሁለቱ አይነካኩም። አሉሚኒየም በማግኔት አይሳብም። ነገር ግን ማግኔቱ አጠገቡ ሲሽከረከር በአሉሚኒየሙ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጠራል፣ ያ ጅረት ሲኒውን በማግኔቱ አቅጣጫ ይገፋዋል። የፀጉር ያህል የቀጠነች ሞላ ደግሞ ወደኋላ ትይዘዋለች። ግፊቱና ሞላዋ እኩል የሆኑበት ቦታ ላይ ጠቋሚው ይቆማል። ባትሪ የለ፣ ፉዝ የለ። ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረው ሐሳብ ዛሬም በእነዚህ ጋራዎች ላይ ይሠራል።

ቆጣሪው ግን ከማግኔቱ ጋር ጉዳይ የለውም። እሱ ማግኔቱን ከሚያዞረው ዘንግ በጥርስ ብቻ የሚነዳ ነው። በጃፓን ሞተሮች ዘንድ የተለመደው ልክ ኬብሉ በደቂቃ 1,400 ጊዜ ሲዞር ጠቋሚው 60 እንዲያሳይ ነው፤ በሰዓት 60 ማለት በደቂቃ አንድ ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ ለአንድ ኪሎ ሜትር 1,400 ዙር ማለት ነው። ጠቋሚው ማግኔቱ ሲደክም፣ ሞላዋ ስትላላ፣ ቅዝቃዜና ሙቀት ሲለዋወጥ ሊዋሽ ይችላል። ቆጣሪው ግን ጥርሱ እስካለ ድረስ የዞረውን ይቆጥራል። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን ማመን ካለብኝ ቆጣሪውን አምናለሁ።

ይህን ያወቀ ሰው ካቻቢቴ ሳያነሳ ብልሽቱን ሊገምት ይችላል። ጠቋሚውም ቆጣሪውም አብረው ከቆሙ ችግሩ ከታች ነው፤ ኬብሉ ተበጥሷል፣ ወይም የጎማው ጥርስ ተበልቷል። ጠቋሚው እየሠራ ቆጣሪው ብቻ ከቆመ ውስጥ ያለው ትንሽ ጥርስ አልቋል። ቆጣሪው እየቆጠረ ጠቋሚው ከሞተ ደግሞ ሲኒው፣ ሞላዋ ወይም የጠቋሚው መርፌ ነው። ሙሉ ጌጅ ግዙ ከመባላችሁ በፊት ይህን እዩ። የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ኬብል ብቻ የሚፈልግ ሞተር ሙሉ ጌጅ ሲገዛለት ማየት ያሳዝነኛል።

ከሁሉ የሚበዛው ብልሽት የሚመጣው ከጎሚስታ ቤት ነው። ይህን የምለው ጎሚስታዎችን ለመውቀስ አይደለም፤ ሥራቸው ጎማ መለጠፍ ነው፣ ባለቤቱም ያጣድፋቸዋል። የፊት ጎማው ሲወጣ በጎኑ ያለው የጥርስ ቤት አብሮ ይወልቃል። በውስጡ ሁለት ጆሮ ያላት ቀለበት አለች፣ ጎማው ላይ ደግሞ ለጆሮዎቹ የተሠሩ ሁለት ጎድጎዶች። ጎማው ሲመለስ ጆሮና ጎድጎድ ሳይገጥሙ ፔርኖው ከጠበቀ ቀለበቷ ትጨፈለቃለች። የሰሜን መንገድ ደግሞ ስለታም ድንጋይና እሾህ አያጣም፤ ጎማ በወጣ ቁጥር ቆጣሪው አደጋ ላይ ነው። ፔርኖው ከመጥበቁ በፊት ጎማውን በእጃችሁ አዙሩና ከላይ የተፈታው የኬብል ጫፍ አብሮ ሲዞር እዩ። ሌላ ምንም አያስፈልግም።

ኬብሉን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ፤ ግሪስ አታብዙበት። ሽቦውን መዛችሁ በናፍጣ አጥባችሁ ካደረቃችሁት በኋላ ታችኛውን ሁለት ሦስተኛ ብቻ በስሱ ቀቡት፣ ላይኛውን ክፍል ደረቅ ተዉት። የሚሽከረከር ሽቦ ግሪሱን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። ግሪሱ ማግኔቱና ሲኒው መካከል ከገባ ሁለቱን ያጣብቃቸዋል፣ ጠቋሚውም ዝም ብሎ ጫፍ ላይ ይለጠፋል። ክረምት ላይ ውሃና ጭቃ በታች በኩል ስለሚገባ ከመስከረም በኋላ አንድ ጊዜ ማጠብ ይበቃል። ደባርቅ ላይ ንጋት ላይ ጠቋሚው የሚንቀጠቀጠው ብዙ ጊዜ ያረጀ ግሪስ በብርዱ ስለሚረጋ ነው፤ ሽቦው ይጠመዘዝና በድንገት ይለቃል።

ጌጁን መክፈት ትዕግሥት ይጠይቃል። መስታወቱን የያዘው የብረት ቀለበት ጠርዙ ታጥፎ የተቆለፈ ነው፤ በቀጭን ካቻቢቴ ዙሪያውን ቀስ በቀስ፣ በየቦታው ጥቂት ጥቂት እያነሱ ይፈታል። ጠቋሚውን ከመንቀላችሁ በፊት ዜሮው ላይ ካለችው ማቆሚያ ብረት በላይ አንሱትና በራሱ የሚያርፍበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። ጠቋሚው ዜሮ ላይ ሲቆም ሞላዋ ቀድሞ ትንሽ ተወጥራ ነው። ያንን የዕረፍት ቦታ ካጣችሁት፣ ስትመልሱት በ40 ስትሄዱ 55 የሚል፣ ወይም የባሰው በ60 ስትሄዱ 45 የሚል ጌጅ ይኖራችኋል። በብዙ አገሮች ያለው ደንብ የፍጥነት መለኪያ ትንሽ አብዝቶ ቢያሳይ ይታገሣል፣ አሳንሶ እንዲያሳይ ግን አይፈቅድም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከዳባት ቁልቁል ስትወርዱ ካሰባችሁት በላይ እየፈጠናችሁ መሆኑን የማይነግራችሁ ጌጅ ባይኖር ይሻላል።

ከጠገናችሁ በኋላ ልኩን የምታዩት መንገድ ላይ ነው። ከአዘዞ ወደ ደንቢያ ሜዳ ውጡ፣ መንገዱ ሰው ሳይበዛበት በጠዋት። የኪሎ ሜትር ምሰሶ ባለበት ቦታ ጠቋሚውን 60 ላይ አጽንታችሁ፣ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ሰዓት ይያዝላችሁ። ከምሰሶ ምሰሶ 60 ሰከንድ ከፈጀ ልክ ነው። 66 ሰከንድ ከፈጀ እውነተኛ ፍጥነታችሁ 54.5 ነው፤ ጌጁ አሥር በመቶ ያህል ያበዛል ማለት ነው። ቆጣሪውን ደግሞ በአሥር ምሰሶ ፈትኑት። የስልክ ጂፒኤስ ለቀጥ ያለ መንገድ ጥሩ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን በጠረበው በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ላይ ግን አትተማመኑበት፤ ስልኩ ነጥብ ከነጥብ በቀጥታ ስለሚያገናኝ መታጠፊያውን ይቆርጠዋል። ቁልቁለቱ ራሱ እዚህ ግባ የሚባል ስሕተት አያመጣም፤ አሥር በመቶ በሚያዘቀዝቅ መንገድ በኪሎ ሜትር የሚጎድለው 5 ሜትር ያህል ነው።

ጎማችሁንም እዩ። ዲቲ 125 ከፊት 21 ኢንች ቸርኬ ነው ያለው። ቸርኬው ተጣሞ በምትኩ ከሌላ ሞተር 18 ኢንች የተገጠመለት ካለ፣ 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ቆጣሪው ወደ 113 ይቆጥራል። ያለቀ ጎማም በጥቂቱ ያበዛል።

ቁጥሩን ስለ መለወጥ ሳላነሳ ባልፍ ይህን ሁሉ መጻፌ ከንቱ ነው። ኪሎ ሜትር ማስመለስ እንደ ቀላል ነገር የሚወራበት ጊዜ ላይ ደርሰናል። ሞተር ሊሸጥ ሲል ቁጥሩን ዝቅ ማድረግ ስርቆት ነው፣ ሌላ ስም አልሰጠውም። ገዢው የሚከፍለው ላልተኖረ ዕድሜ ነው፤ የመሪው ኩሽኔታ መቼ እንደሚለቅም አያውቅም። 20,000 ኪሎ ሜትር በትራፓኖ ወደኋላ ለመመለስ በ60 ፍጥነት ከ330 ሰዓት በላይ ስለሚፈጅ ማንም አይሞክረውም፤ ከፍተው ቁጥሮቹን በእጅ ያዞሯቸዋል። ስለዚህ የምትገዙ ሰዎች የጌጁ ቀለበት ጠርዝ ላይ የካቻቢቴ ጭረት ፈልጉ፣ ቁጥሮቹ በአንድ መስመር መሰለፋቸውን እዩ፣ የእግር መርገጫውን ጎማና የሰንሰለቱን ጥርስ ከቁጥሩ ጋር አስተያዩ። መርገጫው አልቆ ቁጥሩ 9,000 ከሆነ ወደ ቤታችሁ ተመለሱ።

ሞተሩ ተፈትቶ ፒስታን ሲቀየርለት ቆጣሪውን ዜሮ የሚያደርጉም አሉ። ልባቸው ቅን ሊሆን ይችላል፣ ግን አልስማማም። ፒስታኑ አዲስ ነው እንጂ ሻንሲው፣ ኩሽኔታው፣ ካምቢዮው የትናንቱ ናቸው። ፒስታኑ የተቀየረበት ኪሎ ሜትር መዝገብ ላይ ይጻፍ፤ ቁጥሩ ይቀጥል።

መሥሪያ ቤት ያለው ችግር ደግሞ ከገበያው ይከፋል። ነዳጅ የሚወራረደው በጉዞ መዝገብ ነው፤ መነሻ ቁጥር፣ መድረሻ ቁጥር፣ ልዩነቱ። ቆጣሪው የቆመበት ባለሙያ ምን ይጻፍ? ዓምዱ ባዶ ከቀረ ነዳጅ አይፈቀድለትም። ስለዚህ ገምቶ ይሞላል። እውነተኛ ሰው፣ እናቶችን ለመርዳት ገደል ለገደል የሚሄድ ሰው፣ በየሳምንቱ ያላየውን ቁጥር ጽፎ እንዲፈርም እናደርገዋለን። የሚሰርቀውም ያንኑ ዓምድ ይሞላል፤ ሁለቱን የሚለይ ነገር የለም። ኃላፊዎች ሆይ፣ የነዳጅ ቁጥጥር ከፈለጋችሁ ከአዲስ ቅጽ በፊት ኬብል ግዙ።

ጌጁ ከነጭራሹ የማይጠገን ሆኖ ከሌላ ሞተር የተነቀለ ሲገጠም፣ የሁለቱም ቁጥር በዚያው ቀን ይመዝገብ፤ የወጣው ስንት ላይ እንደቆመ፣ የገባው ስንት ላይ እንደጀመረ። መካኒኩ ይፈርምበት፣ ቀኑ ይጻፍ። የተከፈተ ጌጅ ከሆነ ደግሞ ቁጥሮቹን የድሮው ላይ ማምጣት ይቻላል፤ ቁጥር ማዞር ትክክል የሚሆንበት ቦታ ይህ ብቻ ነው።

የቀረኝ ጥያቄ አለ። የኤጂ 100 ቆጣሪ ውስጥ ያለችው ትንሿ የፕላስቲክ ጥርስ ስታልቅ ከናስ አስመስሎ የሚያወጣ የቶርኖ ባለሙያ ጎንደር፣ ባሕር ዳር ወይም ደባርቅ የምታውቁ ካላችሁ እዚህ ሥር ጻፉልኝ። በዚች ጥርስ ምክንያት ብቻ የቆሙ ብዙ ጌጆች አሉ።