ከሚሴና መሻገሪያዎችዋ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቍልቍል ሲወርድ፥ መንገደኛው ካባውን ማውለቅ ይጀምራል። ሸዋ ሮቢት፥ ሰንበቴ፥ አጣዬ እያለ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሞላው ከሚሴ ይደርሳል። ከሚሴ በዐማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ባቲ፥ ደዋ ጨፋ፥ አርጡማ ፉርሲ፥ ጅሌ ጥሙጋና ደዌ ሐረዋም በዚሁ ዞን ውስጥ ይገኛሉ። የሕዝቡ አብዛኛው ክፍል ሙስሊም ነው። ኦሮምኛና ዐማርኛ በአንድ ደጃፍ ይነገራሉ፤ እንግዳ ሲመጣ ግን የሚቀድመው ቋንቋ ቡና ነው።

አገሩን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ውኃውን ይመልከት። ቦርከና ከደሴ አካባቢ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ይወርድና በከሚሴ አጠገብ ሲደርስ ይሰፋል፤ ጨፋ የሚባለውንም ረግረግ ያጠግባል። በበጋ ሌላው አገር ሲደርቅ የጨፋ ሣር አይጠፋምና፥ የአፋሩም፥ የኦሮሞውም፥ የአርጎባውም ከብት ወደዚያው ይሰበሰባል። በክረምት ግን ሜዳው ይጨቀያል፤ ጤነኛ እግር ያለው እንኳ መሻገሪያ ፈልጎ ይዞራል። ውኃው ከዚያ ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ አዋሽም በአቤ ሐይቅ ያልቃልና፥ የከሚሴ ውኃ ባሕር አያይም።

የባሕርን ስም ያለ ምክንያት አላነሣሁም። መሻገሪያ የቸገረውን ሰው ባሰብሁ ጊዜ ሂላሪ ሊስተር የምትባል አንዲት እንግሊዛዊት መርከበኛ ትታወሰኛለች። ሕመም ጸንቶባት ከአንገትዋ በታች ያለው ሰውነትዋ አልታዘዝ አላት። በሸራ ጀልባዋ ላይ ቀጫጭን ቱቦዎች በአፍዋ ፊት ተዘጋጁላት፤ እፍ ስትልባቸውና ትንፋሽ ስትስብባቸው መሪው ይዞራል፥ ሸራውም ይጠብቃል ወይም ይላላል። እንዲህ አድርጋ እ.ኤ.አ. በ2005 እንግሊዝንና ፈረንሳይን የሚለየውን ባሕር ብቻዋን ተሻገረች። በ2008 ብሪታንያን ልትዞር ተነሥታ ጉዞው ተቋረጠባት፤ በ2009 ግን ከወደብ ወደ ወደብ እያረፈች ፈጸመችው። በ2014 ደግሞ ከሕንድ ከተማ ከሙምባይ ተነሥታ ከአንዲት የዖማን ተወላጅ ጋር እስከ መስከት በሸራ ተጓዘች። በ2018 ዐረፈች።

አንድ ነገር ግን መሸሸግ አይገባም። የሚያነሧት፥ በጀልባዋ የሚያስቀምጧት፥ በሌላ ጀልባ የሚከተሏት ረዳቶች ነበሯት። እነዚያ ሰዎች ጀልባዋን አልነዱላትም፤ መሪውን ለእርስዋ ትተው ወደ ኋላ አሉ እንጂ። በእኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ ርዳታ ስንል በደጀ ሰላም የሚዘረጋውን እጅ መሙላት ነው። እርሱም ደግ ነው፤ ነገር ግን ተቀባዩን ከተቀመጠበት አያነሣውም።

የዚህ ሸለቆ ሳምንት ለሰው ሁሉ ሥራ የበዛበት ነው። እሑድ የሰንበቴ ገበያ ይቆማል፤ ሰኞ የባቲ። በመካከሉ ለቅሶ አለ፥ ሠርግ አለ፥ ሽምግልና አለ፤ በሽምግልናም ንግግር የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል። እግሩ የተቆረጠ ወይም ዐይኑ የጠፋ ሰው ከዚህ ሁሉ የሚቀረው አንደበት አጥቶ አይደለም። የአውቶቡሱ ደረጃ ከፍ ይልበታል፤ የገበያው ጭቃ ምርኩዙን ይውጥበታል፤ የመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ አምስት እርከን አለው። ስለ ሕንፃ የወጣው አዋጅ ቍጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው አዘዘ። ይሁን እንጂ በየከተማችን ከአዋጁ ወዲህ የተሠራውንም ቤት አንባቢ ራሱ ይመልከት።

ነገሩም የጥቂት ሰዎች ብቻ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢው ብዙ ቤት ተቃጠለ፤ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ከሚሴ ድረስ ደረሰ። ጦርነት ባለፈበት አገር በምርኩዝ የሚሄድ ሰው ይበዛል። ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራበት ማዕከል በደሴ አለ፤ ከከሚሴ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። መኪና ላለው አጭር መንገድ ነው። እግር ሊያስለካ ለሚሄደው ግን መጀመሪያ ያው የአውቶቡስ ደረጃ ይጠብቀዋል።

ወሎ ስለዚህ ነገር የሚናገር ሰው አላጣችም። የትነበርሽ ንጉሤ በ1974 ዓ.ም. በዐማራ ሳይንት ተወለደች፤ በአምስት ዓመትዋም የዐይንዋ ብርሃን ጠፋ። በሻሸመኔ በዐይነ ሥውራን ትምህርት ቤት፥ ኋላም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማረች። ከዚያ ወዲህ ከአገር ወደ አገር እየተዘዋወረች ስለ አካል ጉዳተኞች መብት ትናገራለች፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበለች። ዐይንዋ ባይጠፋ ኖሮ በልጅነትዋ ለባል ትሰጥ እንደ ነበረ ራስዋ ተናግራለች። ለእኛ ለቤተ ክርስቲያን ልጆች ይህ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም ነበር፤ ዜማውንና ቅኔውን በቃላቸው ይዘው፥ በድምፅ ብቻ የተማሪውን ስሕተት የሚያርሙ ዐይነ ሥውራን መምህራን ብዙ ነበሩንና። ከዚያ ወንበር አጠገብ ያደገ ሰው፥ ዐይነ ሥውር ልጁን ቤት ዘግቶ የሚያስቀምጠው ምን አስተምሮት ይሆን?

ወደ ሸለቆው ልመለስ። ባቲ ከኮምቦልቻ በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ መንገዱ ከዚያ ወደ ሚሌ ይወርዳል፥ ቀድሞም ወደ አሰብ ወደብ፥ ወደ ባሕሩ የሚያደርስ እርሱ ነበር። ሰኞ ጧት አፋሩ ግመሉን፥ ቆለኛው ከብቱን፥ ደገኛው እህሉን ይዞ ይገናኛል። በዚያ ገበያ አንድ እግሩ የቀረ ሽማግሌ በአህያ ተቀምጦ ሲመጣ አይቻለሁ። ልጁ አወረደው፥ በጆንያው አጠገብ አስቀመጠውና ወደ አህያው ሄደ። ገዢውም ጎንበስ ብሎ፥ «አባባ፥ ማሽላው ስንት ነው?» አለ። ሽማግሌው ዋጋውን ጠራ፤ ገዢው ተቈጣ፤ ሽማግሌው ከቶ አልቀንስም አለ። እኔ ገበያውን ዞሬ ስመለስ አሁንም ይከራከሩ ነበር።